ሠላሳ ስምንተኛዋ መኪና

ስለዚህ አንድ ትንሹ ቡና ለእሷ፣ አንድ ረጅሙ ዶናት ለአባባ፣ ሁለቱ ተደምረው አራት ዶላር አይሞሉም፣ አራት ዶላር ደግሞ ሰው አይገድልም፣ ጃኔል ፕሩት ይህን ለራሷ ስትነግር ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፣ አይገድልም፣ አይገድልም፣ የኪራዩ ቼክ ተጽፏል፣ ፖስታ ውስጥ ገብቷል፣ ፖስታው ጎኗ ካለው ወንበር ላይ እንደ ሰው ጉብ ብሏል፣ ቀበቶ ማሰር ነው የቀረው። ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት ዶላር። ባንክ ያላት ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ከአርባ ሳንቲም። ደመወዝ የሚገባው ሐሙስ፣ ዛሬ ዓርብ። በዓርብና በሐሙስ መካከል ደግሞ ቤንዚን የሚባል ነገር አለ፣ ቀስቱ ቀዩን ሊነካ ፀጉር ታህል ነው የቀረው፣ ታዲያ ዶናት ምን አስፈለገሽ፣ አባባ ትናንት አማረኝ ብሎ ነዋ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት ኖሮ ያማረው ዶናት ነው፣ ጀልባ አላለ።

ሰልፉ ፈቀቅ አይልም። ከፊቷ ሰማያዊ መኪና፣ ከሰማያዊው ፊት ነጭ፣ ከነጩ ፊት የቡና መሸጫው መስኮት፣ ሰው ሁሉ መግቢያው ላይ በማይክሮፎን ያዘዘውን ከመኪናው ሳይወርድ እጁን ዘርግቶ የሚቀበልበት፣ በግራ ግንብ፣ በቀኝ ግንብ፣ አንዴ ከገቡ መውጫ የለም፣ ሃያ አራት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳ ሰው መቼም ወደ ኋላ መሄድ አያቅተውም፣ ግን ከኋላዋም መኪና አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን አራት ደቂቃ። ሦስት ሰዓት ላይ የአከራያቸው የኪፕ ቢሮ። ውሉን ፈርመሽ ከቼኩ ጋር እስከ ሦስት ሰዓት ካላመጣሽ አሥራ አንድ ሰው ቤቱን እየጠበቀ ነው ብሏታል፣ በስልክ፣ እያሾፈ ቢሆን ባልከፋት፣ እያዘነላት ነው፣ ማዘኑ ነው ያበገናት። ኪፕ እኮ ያ ኪፕ ነው። አውቶቡስ በጀመረችበት ዓመት ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ቁርሱን እንዳለ ያስመለሰው፣ በገዛ መሐረቧ አፉን የጠረገችለት፣ አይዞህ የኔ ጌታ፣ ማንም አላየህም ያለችው፣ አርባ ልጅ እያየ።

አባቱ ቨርን ከአባባ ጋር ውል የሚባል ነገር ተፈራርሞ አያውቅም። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ፣ በቃ። ቨርን መኪና በቀየረ ቁጥር ኪራዩ ላይ አሥር ዶላር ይጨምራል፣ አባባ በመስኮት አሻግሮ ያይና፣ ጃኔል፣ ሰውዬው አዲስ መኪና ይዟል፣ አሥር ዶላርሽን አዘጋጂ ይላል፣ ይስቃሉ፣ ቨርንም ገብቶ አብሮ ይስቃል። ስድስት መቶ አሥር ላይ ደርሶ ነበር። ከፋሲካ በፊት ቨርን ሞተ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስትን ለኪፕ ያስተማረው እሱ አይደለም፣ ከከተማው ዳር የተገተረው ያ ትልቅ መጋዘን ነው፣ ሠራተኛው ጎረፈ፣ ቤት ጠፋ፣ እንቁላል እንኳ ተወዶ ሰው መምሰል ጀመረ፣ ሰላም ካላሉት አይሸጥም። ፌርበርን ደግሞ ርካሽ ከተማ ናት ተብላለች እኮ፣ በቴሌቪዥን፣ በትንሽ ገንዘብ የሚኖርባቸው ከተሞች ተብለው ሲቆጠሩ ስሟ ተጠራ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ጃኔልም ሳታስበው አጨበጨበች፣ ለማን ነው ርካሽ፣ ከትልቅ ከተማ ኪሱን ሞልቶ ለሚመጣው ነው እንጂ፣ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ በሰዓት ለሚከፈለው እሳት ነች።

ኪፕ የያዘውን ቤት ሁሉ ግራጫ ይቀባል። ግድግዳው ግራጫ፣ በሩ ጥቁር፣ ከዚያ ኪራዩ ሌላ። ጎረቤታቸው ያለው ቤት ባለፈው ሳምንት ግራጫ ሆኗል፣ የእነሱ ቢጫ ነው፣ አባባ ነው የቀባው፣ ሳንባው ሳይደክም፣ መሰላል ላይ ወጥቶ እያፏጨ። አሁን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲሄድ የኦክስጅኑን ቱቦ እንደ ውሻ ማሰሪያ ከኋላው ይጎትታል፣ ቱቦው ከመኝታ ቤቱ እስከ ምድጃው ልክ ይደርሳል፣ ለዚያ ቤት ተለክቶ የተሠራ ነው የሚመስለው፣ ከዚያ ቤት ከወጣ የሚሄደው የካውንቲው አረጋውያን ማቆያ ነው፣ አንድ ክፍል ለሁለት፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያይ፣ ሄዳ አይታዋለች፣ ሳትነግረው ነው ያየችው፣ ስትመለስ ፊቷን አይቶ የት ነበርሽ እንኳ አላላትም። በቃ፣ ተይው፣ ቼኩ ተጽፏል፣ ዛሬ ይፈረማል፣ ቤቱ ቢጫ ሆኖ ይከርማል።

ነጩ ሄደ። መስኮቱ ጋ ደወል ተደወለ፣ ውስጥ ያሉት አጨበጨቡ፣ የሆነ ሰው ልደት ነው እንዴ፣ ሰማያዊው ተጠጋ፣ ጃኔል እግሯን ከፍሬኑ አንስታ ተከተለች። በመስተዋቱ ከኋላዋ ጥቁር ግዙፍ መኪና፣ ኋላው ላይ የቀለም ባልዲ የተደረደረ፣ ሹፌሩ ስልክ እያወራ ይስቃል። ወይ ጉድ። ራሱ ነው። ኪፕ። ሳታስበው ዝቅ አለች፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ካሳደገችው ልጅ ትደበቃለች፣ ምን ሰርቃ፣ ዶናት፣ ኪራይ ከበደኝ ያለች ሴት ዶናት ስትገዛ፣ አላያትም፣ አይቷታል፣ የእሷን መኪና አያውቃትም፣ ከተማው ሙሉ ያረጀ ብርማ መኪና ነው። ደወሉ እንደገና ተደወለ። የሰማያዊው ሹፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ አወዛወዘላት። ለእሷ ነው፣ እሷም አወዛወዘች፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቆብ የደፉት፣ የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቁት ወይዘሮ ኦልግሬን ናቸው። አራተኛ ክፍል ማባዛት ያስተማሯት ወይዘሮ ኦልግሬን። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ከበጋ ጀምሮ እዚህ ናቸው፣ ቤቴ ዋጋው ጨመረ ይሉኛል፣ እኔ አልሸጥኩት፣ የጨመረበትን ግብር ግን ከፈልኩት ብለው ነበር ያን ጊዜ፣ ባሏ የሞተባት አስተማሪ ጡረታዋ ስንት መሰለሽ ብለው ነበር፣ ጃኔል ቆቡ ያምርብዎታል አለች፣ ምን ዓይነት አነጋገር ነው እሱ፣ እስከ ዛሬ ያሳፍራታል። እንዴት አደርሽ ልጄ፣ አባትሽስ፣ ደህና ነው እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዶናት አማረው፣ እሰይ ይማረው፣ ያማረው ሰው አልሞተም። ካርዷን ዘረጋች። አስቀምጪው፣ ከፊትሽ ያለው ሰውዬ ከፍሎልሻል።

ከፍሎልሻል። ደረቷ ላይ የሆነ ሙቀት ነገር ወረደ፣ እንግዲህ አለ አይደል፣ ሰው አለ፣ ከተማው እስካሁን ከተማ ነው፣ አራት ዶላር አይደለም ቁም ነገሩ፣ የማታውቀው ሰው ለአባባ ዶናት ገዛለት፣ ስትነግረው ምን ይላል፣ ዓይኗ ሊሞላ፣ ዞር ስትል ከመስኮቱ ጎን ጥቁር ሰሌዳ አየች፣ በጠመኔ ሠላሳ ሰባት ተጽፎበታል። ሙቀቱ እዚያው ቆመ። ያ ነገር ነው። ያ አንዱ ለአንዱ የመክፈል ነገር፣ የፊተኛው ለኋለኛው፣ ኋለኛው ደግሞ ለከኋላው፣ ተያይዞ ይሄዳል፣ አንዱ ሲከፍል ደወል፣ ጭብጨባ፣ ሰሌዳው ላይ ቁጥር። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው፣ አልተቆረጠም ይላሉ ወይዘሮ ኦልግሬን ድምፃቸውን ለውስጥ ሰዎች ከፍ አድርገው፣ ሠላሳ ስምንተኛ አንቺ ነሽ፣ እንቀጥል ወይ ጃኔል።

መቶ አሥራ ሁለቱ። ወዲያው የመጣባት እሱ ነው። ግሌን ስታውት የሚባል ዝምተኛ ሰው፣ ጣራ ሠሪ፣ አምና በዚሁ መስኮት መቶ አሥራ አንድ መኪና እርስ በርሱ እየከፈለ መጥቶ እሱ ጋ ቆመ፣ አመሰግናለሁ አለ፣ ቡናውን ተቀበለ፣ ሄደ፣ ሌላ ምንም አላደረገም፣ ሰው አልገደለ፣ የመኪናው ታርጋ ፎቶ ገና ምሳ ሳይደርስ በየሰዉ ስልክ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተረስቷል። መቶ አሥራ ሁለት፣ እንደምን ዋልክ ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መሰብሰቢያው ሲዞር እሱ ጋ ሲደርስ ሰው አንገቱን አዙሮ ያየዋል። ጃኔልስ፣ ጃኔል ብላዋለች እንጂ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ፣ ሰው ሲስቅ እሷም ለመሳቅ፣ ሰላም መቶ አሥራ ሁለት፣ ዛሬስ ቤንዚኑን ማን ከፈለልህ፣ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ግሌን ግን አልሳቀም፣ የነዳጁን ክዳን ሁለት ጊዜ አጠበቀው፣ አሁን ነው ያ ሁለት ጊዜ ያጠበቀው ትዝ የሚላት።

እሺ፣ እቀጥላለሁ፣ ምን ችግር አለ። ማን ነው የተናገረው፣ እሷ፣ የገዛ አፏ፣ ስንት እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ እዚህ አገር ሰው እያነቁት እንኳ ምንም አይደለም ማለት ነው የለመደው። ስንት ነው ግን። ወይዘሮ ኦልግሬን ማሽኑን አዩ። ሠላሳ አራት ከስልሳ። ስንት አሉ። ለሠራተኞቹ ነው መሰለኝ ልጄ፣ የስድስት ሰው ቁርስ ነው። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ከአርባ ሲቀነስ ሠላሳ አራት ከስልሳ፣ ዘጠኝ መቶ አሥራ ስድስት ከሰማንያ፣ ዘጠኝ መቶ ሃያ አምስት አይሞላም፣ ስምንት ዶላር ትጎድላለች፣ ስምንት ዶላር፣ ቼኩ ደረቅ ይሆናል፣ ደረቅ ቼክ ያመጣ ውሉ ፈረሰ ይላል ሁለተኛው ገጽ፣ ወፍራም ፊደል፣ ኪፕ ከሰኞ በኋላ ባንክ ሄዶ ይሰማል፣ ያዝናል፣ ደግሞ ያዝናል፣ ግራጫ ቀለም ይዘው ይመጣሉ፣ አባባ ቱቦውን እየጎተተ፣ ይሄ ሁሉ ለኪፕ ቁርስ፣ ለኪፕ! እስከ ዛሬስ የኪፕን ቁርስ ማን ሲከፍል ኖረና፣ በየወሩ መጀመሪያ፣ ያለ ደወል፣ ያለ ጭብጨባ።

ካርዱን ይዘዋል። እሷም ይዛዋለች። ወይዘሮ ኦልግሬን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ጣቶቿ አይለቁም፣ ልቀቁ ትላቸዋለች ጣቶቿን፣ እንቢ፣ ፈገግ ብላለች፣ ፈገግታው ፊቷ ላይ ደርቆ ቀርቷል፣ ከኋላ የጥቁሩ መኪና ሞተር ያጉረመርማል። ወይዘሮ ኦልግሬን ጎንበስ አሉ፣ የጆሮ ማዳመጫውን መናገሪያ በእጃቸው ሸፈኑ። ጃኔል፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ብዬ ሳስነሳሽ ልክ እንዲህ ነበር የምትቀይው። የለሽም አይደል። አለኝ፣ አለኝ እኮ ወይዘሮ ኦልግሬን፣ ግን ለኪራይ ነው፣ ዛሬ ሦስት ሰዓት። ወጣ። በመስኮት፣ በአደባባይ፣ እንደ ማስመለስ ነው የወጣው።

ሂጂ፣ አሉ በሹክሹክታ፣ እኔ እሞላዋለሁ። ከምኑ። በዓይናቸው አሳዩዋት፣ ከማሽኑ ጎን የቲፕ ብርጭቆ፣ የተጨማደዱ ዶላሮች፣ ሳንቲሞች። አሥራ አንደኛው አልከፈለም፣ ሃያ ስድስተኛዋም፣ ሠላሳ ሦስተኛው ሲደነግጥ ፊቱን ብታዪ፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ታዲያ ሰሌዳው። የአምናው ከሆነ በኋላ አለቃችን አይቆረጥ ብሏል፣ ሰው ደስ ብሎት ሲመጣ ገበያ ነው ይላል፣ የጎደለውን እኛ ጣል እናደርጋለን፣ ደወሉን እንደውላለን፣ ማን ያውቃል። ማንም አያውቅም። ጃኔል ብርጭቆውን አየች። ግማሽ አይሞላም። ይሄ ነው እንግዲህ ሰው አለ ያለችው፣ ከተማው እስካሁን ከተማ ነው ያለችው፣ ደሃ በደሃ ላይ ሲደገፍ፣ የሰባ ሰባት ዓመት አስተማሪ ቆማ ውላ ያገኘቻት ሳንቲም ወደ ኪፕ ከረጢት ስትገባ፣ ደወል፣ ጭብጨባ።

ዝም ብላ ብትሄድስ። ቡናዋን፣ ዶናቷን ይዛ፣ ደወሏ ተደውሎላት፣ ኪፕ ነፃ ቁርሱን በልቶ፣ ቼኳ ሞልቶ፣ ስሟ ተርፎ፣ ማንም አያውቅም፣ እግሯ ነዳጁ ላይ ነው፣ ትንሽ መጫን ብቻ ነው፣ ንኪው፣ ለአባባ ስትይ፣ ሰው ለአባቱ ምን ያላደረገ አለ፣ እሳቸውስ ራሳቸው አይደሉ ሂጂ ያሉት፣ በግድ ወሰድሽባቸው እንዴ። ብርጭቆው ውስጥ ከሁሉም በላይ ያለው ዶላር ጥጉ ተቀዷል፣ በማጣበቂያ ተለጥፏል። አቤት፣ አቤት አምላኬ። ኪፕ ጥሩምባ ነፋ፣ አጭር፣ ጨዋ ጥሩምባ።

ወይዘሮ ኦልግሬን፣ ሰሌዳውን ያጥፉት።

ምን አልሽ ልጄ። እኔ ጋ ይቁም። ጃኔል፣ ሞኝ አትሁኚ፣ ስም ያወጡልሻል። ያውጡልኝ። ድምጿ ከፍ ብሏል፣ ውስጥ ያሉት ዞረዋል፣ ደወሉ አጠገብ የቆመችው ሴትዮ ገመዱን ይዛ አፏን ከፍታ ቀርታለች። የኔን እኔ እከፍላለሁ፣ የሰማያዊው መኪና ሰውዬ የከፈለልኝን እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ይክተቱት፣ ያ ከኋላዬ ያለው ሰው ለቁርሱ አያንሰውም፣ አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ወይዘሮ ኦልግሬን ለአፍታ አዩዋት፣ እንደ ድሮው፣ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው፣ ትክክል መሆኑን እያወቁ ትክክል ነው ሳይሉ ሲያቆዩ። ከዚያ ሦስት ዶላር ከዘጠና ስምንት አሉ። ካርዷን ለቀቀች። ቡና፣ ዶናት፣ ደረሰኝ። ደወል የለም። ጭብጨባ የለም። ከግንቡ ወጥታ ስትታጠፍ በመስተዋቱ አየች፣ ወይዘሮ ኦልግሬን በክንዳቸው እጅጌ ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች ይጠርጋሉ፣ አራተኛ ክፍል እንዲሁ ነበር የሚያጠፉት፣ ዳስተሩ አጠገባቸው እያለ።

ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ፣ ኪፕ ቢያውቅስ፣ ውሉን ቢተወውስ፣ አሥራ አንድ ሰው እየጠበቀ፣ ለሠላሳ አራት ዶላር ብለሽ ሽማግሌ አባትሽን፣ አይ፣ ለሠላሳ አራት ዶላር አይደለም፣ ታዲያ ለምንድን ነው፣ እኔ እንጃ፣ ለተለጠፈችው ዶላር። የኪፕ ቢሮ ተዘግቷል። በር ላይ ቆመች። ለሦስት ሰዓት አሥራ ሦስት ጉዳይ። ቡናውን አልቀመሰችውም። ከተናደደ ይናደድ፣ ከተናደደ ትለምነዋለች፣ አትለምነውም፣ ትለምነዋለች። ጥቁሩ መኪና መጣ፣ ኪፕ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ታቅፎ ወረደ፣ ከረጢቶቹ በቅባት ወዝተዋል። ጃኔል! አታምኚኝም፣ ልክ እኔ ፊት ቆረጠው! ሠላሳ ሰባት ሰው ሲከፍል፣ እኔ ጋ ሲደርስ፣ አንድ ቋጣሪ፣ ሠላሳ አራት ዶላር አስወጣኝ እኮ፣ ማን እንደሆነ እንኳ አላየሁም፣ አሮጌ ብርማ መኪና፣

እዚያ ጋ ቆመ። ዓይኑ ከእሷ አልፎ መኪናዋ ላይ አረፈ፣ ከዚያ እጇ ላይ ወዳለው ቡና ዞረ፣ ብርጭቆው ላይ ከእሱ ከረጢቶች ጋር አንድ ዓይነት ምልክት። እኔ ነኝ፣ አለችው። ቼኩ ይኸው፣ ሙሉ ነው፣ ደረቅ አይደለም፣ ያንተን ቁርስ ብከፍል ኖሮ ግን ደረቅ ነበር፣ ስምንት ዶላር ይጎድል ነበር፣ ንገረኝ ካልክ ይህን ነው የምነግርህ። ኪፕ ከረጢቶቹን የሚያስቀምጥበት አጣ። መሬት ላይ አስቀመጣቸው። ጆሮው ቀላ፣ ያን ጊዜም ጆሮው ነበር የቀላው፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ። በሩን ከፈተ፣ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሳተው፣ ውሉን አወጣ፣ ፈረመች፣ ፈረመ፣ በገጹ ጥግ የጣቱ ቅባት ቀረ። ቢጫው ይቆያል፣ አለችው፣ አታስቀባውም። ቢጫው ይቆይ፣ አለ። ኪራዩን ግን አልቀነሰም፣ ሊቀንስ የፈለገ ሰው ፊት ነበረው፣ እሷም ጠበቀች፣ አልቀነሰም። በር ላይ ስትደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አይዞሽ ጃኔል፣ ለማንም አልናገርም አላት።

ተናገር፣ አለችው። ሠላሳ ስምንት በላቸው።

ነዳጅ ማደያው ጋ አሥር ዶላር ብቻ፣ የመቅጃው ቁጥር ከአሥር እንዳያልፍ ጣቷን መቆጣጠር፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ዶናቱ ወንበሩ ላይ ነው አሁን፣ በፖስታው ቦታ። ከማዶው የነዳጅ መቅጃ ጋ መሰላል የጫነ መኪና፣ ግሌን ስታውት፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀዳል፣ ሰው ሲያይ ጀርባ መስጠት ለምዷል። ትለፈው፣ አላየችውም ትበል፣ አባባ እየጠበቀ ነው። ደህና አደርክ ግሌን። ዞረ። ጠበቀ፣ ቀሪውን እየጠበቀ ነው፣ ቁጥሩን፣ ሳቁን፣ ፊቱ ለዚያ ተዘጋጅቷል። አልመጣም። ይቅርታ አድርግልኝ፣ አምና እዚህ ያልኩህን፣ ለመሳቅ ብዬ ነው፣ ዛሬ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ስንተኛ ላይ። ሠላሳ ስምንት። ግሌን የነዳጁን ክዳን አጠበቀ፣ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተፈታ። ሠላሳ ስምንት፣ ገና በጠዋቱ! ኧረ አንቺስ ከኔም ብሰሻል፣ እኔ እንኳ መቶ አሳልፌያቸዋለሁ አላት፣ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ሁለቱም ከተጠበቀው በላይ ረጅም ሳቁ፣ ቁጥሩ አሥራ አንድ ከሃያ ላይ እስኪደርስ ድረስ ጣቷን ከመቅጃው ላይ አላነሳችም።